በዛብህን የማትረፍ ጥረት፦ በአንድ ዓመት የአድናቂ ድርሰት ላይ የተደረገ ጥናት

የጥናቱ ዳራ

የሌላውን ሰው ልብ ወለድ ደራሲው «ተፈጸመ» ካለበት ቦታ አንሥቶ መቀጠል፣ የገደለውን ማስነሣት፣ ያላጋባቸውን ማጋባት፣ በውጭው ዓለም ፋን ፊክሽን ይባላል። እኛ ዘንድ ልማዱ አለ፤ ስም ያወጣለት ግን የለም። ድሮ ፊልም ቤት መግቢያ ያገኘ ልጅ አይቶ ይመጣና ሳንቲም ላጣነው ይተርክልን ነበር። በማግስቱ ላይ ሰፈር ሲደርስ ያው የሕንድ ፊልም ሁለት ተጨማሪ ድብድብ ይኖረዋል፤ ሞታ የነበረችውም እናት ድና በመጨረሻው ዘፈን ላይ ትገኛለች። ልጁ ዋሾ ተብሎ አያውቅም። እንዲያውም ፊልሙን ቆይተው በዓይናቸው ያዩት ሰዎች «ተቆርጧል» ብለው ፊልም ቤቱን ያሙ ነበር።

በዘርፉ ያለን ትልቁ ማስረጃ ግን አለቃ ገብረ ሐና ናቸው። አለቃ የ19ኛው መቶ ዘመን ሊቅ ናቸው፤ ጎንደር ላይ አስተምረዋል፣ በዐፄ ምኒልክ ዘመንም ስማቸው የታወቀ ነበር፣ ተክሌ የሚባለው አቋቋምም ከእሳቸው ፈልቆ በልጃቸው በተክሌ በኩል እንደተስፋፋ ይነገራል። ሕዝቡ ሊቅነታቸውን ለቤተ ክህነት ተወና ሰውየውን ለራሱ ወሰዳቸው። በስማቸው የሚነገረው ቀልድ ሁሉ እውነት የእሳቸው ቢሆን ኖሮ፣ አለቃ ለአቋቋሙ ቀርቶ ለምሳም ጊዜ ባላገኙ ነበር። ይህ ጸሐፊ አለቃ ገብረ ሐና ከታክሲ ረዳት ጋር የተመላለሱበትን ቀልድ፣ እዚያው ታክሲ ውስጥ፣ በገዛ ጆሮው ሰምቷል። በሊቁና በታክሲው መካከል ያለው የዘመን ርቀት ተራኪውንም ሳቂዎቹንም አላሳሰባቸውም። ሁሉም ሒሳቡን ከፍሎ ወረደ።

በግዕዙ በኩል ደግሞ ዜና እስክንድር አለ። ከክርስቶስ ልደት በፊት በ323 ዓመት የሞተው የመቄዶንያው እስክንድር እዚያ መጽሐፍ ውስጥ ጿሚ፣ ጸላይ፣ በክርስቲያን ሥርዓት የሚኖር ንጉሥ ሆኖ ይገኛል። ከሦስት መቶ ዓመት በላይ መቅደሙ አላገደውም፤ ታሪኩን በእጁ ያስገባ ሰው ለወደደው ንጉሥ የጎደለው ሃይማኖት ብቻ መሆኑን አይቶ ሞላለት። ከዚህም ወደ ኋላ መሄድ ይቻላል፤ ተመራማሪው ግን ጎረቤት ስላለው እዚህ ላይ ይቆማል።

ፈረንጆቹ ነገሩን መዝገብ ከፍተው ነው የያዙት። ስታር ትሬክ የተባለው የቴሌቪዥን ድራማ አድናቂዎች እ.ኤ.አ. በ1967 ስፖካናሊያ የምትባል የራሳቸውን መጽሔት አወጡ፤ የድራማውንም ሰዎች እንደየልባቸው ማኖር ጀመሩ። አርካይቭ ኦፍ አወር ኦውን የተባለው የአድናቂ ድርሰቶች ማከማቻ እ.ኤ.አ. በ2019 ሁጎ የተባለውን የሳይንስ ልብ ወለድ ሽልማት አግኝቷል። አለቃ ገብረ ሐናን እየቀጠሉ ያሉት ያገራችን ደራስያን እስካሁን የተሸለሙት ሻይ ነው።

የችግሩ ገለጻ

የሐዲስ ዓለማየሁ «ፍቅር እስከ መቃብር» በ1958 ዓ.ም. ታተመ። ማንበብ የሚችለው አነበበና አለቀሰ። ቆይቶ ወጋየሁ ንጋቱ በኢትዮጵያ ሬዲዮ ተረከውና ማንበብ የማይችለውም ተራ ደረሰው። ከዚያ ወዲህ አገሩ በሙሉ ሐዘን ላይ ነው። በዛብህ ወደ ፍቅረኛው ወደ ሰብለ ወንጌል ሊደርስ ምንም ሳይቀረው ወንበዴዎች መንገድ ላይ ይመቱታል፤ ሰብለ ስትደርስ የሚሞት ሰው ነው ያገኘችው። እሷ ትመነኩሳለች። የሁለቱ ወዳጅ ጉዱ ካሳም ዞሮ ዞሮ ከዚያው ከመቃብሩ ዳር ይመጣል። ሠልስቱ፣ አርባው፣ ሙት ዓመቱ ሁሉ አልፏል፤ ሐዘኑ ግን በየትውልዱ አዲስ ለቀስተኛ ያገኛል።

በዛብህ መሞት ነበረበት ወይ የሚለውን ጥያቄ በየቡና ቤቱ የሚያነሣ ብዙ ነው። ወንበዴዎቹን ለማስቆም ብዕር የሚያነሣ ግን ጥቂት ነው። ተመራማሪው ይህን ክፍተት ለመሙላት በእንቁጣጣሽ ማግስት ደብተር ገዛ።

የጥናቱ ወሰን

ጥናቱ ከመስከረም እስከ ጳጉሜን የተጻፈውን ብቻ ይመለከታል። ከዚያ በፊት የተጻፈውን የተመራማሪው እናት ለከሰል ማያያዣ ስላዋሉት ለትንተና አልተገኘም።

ትንተና

የቅጂዎቹ ሁሉ መነሻ ችግር አንድ ነው፤ መንገዱ ላይ ወንበዴዎች አሉ። ደራሲው አስቀምጠዋቸዋል፣ ሰማኒያ ጊዜ ቢነበቡም ከቦታቸው ንቅንቅ አይሉም። አድናቂው ደግሞ ሰይፍ የለውም፤ ያለው እስክሪብቶ ነው።

በመስከረም የተጻፈው ቅጂ ሀ ችግሩን በትምህርት ለመፍታት ይሞክራል። ዋናው ክፍል እንዲህ ይነበባል፦ «የወንበዴዎቹ አለቃ ጎራዴውን ወደ ሰገባው መለሰና፣ “ለካ ቅኔ የተማሩ ኖረዋል፤ ይለፉ ጌታዬ” አለው። ሌሎቹም ወንበዴዎች ከመንገዱ ዘወር ብለው እጅ ነሡ።» ተመራማሪው ይህን በጻፈበት ሌሊት በደስታ እንቅልፍ እንዳልወሰደው ከደብተሩ ጠርዝ ላይ ከሠራቸው ብዙ አበቦች መረዳት ይቻላል። ይሁን እንጂ ቅኔ መማር ከዘረፋ የሚያድን ቢሆን ኖሮ የቆሎ ተማሪ ከውሻ ጋር ያን ያህል ባልተያየ ነበር።

ቅጂ ለ በተፈጥሮ ኃይል ይጠቀማል። ዝናብ ይዘንባል፣ ዓባይ ይሞላል፣ ወንበዴዎቹ በወዲያኛው ማዶ ይቀራሉ። ሐሳቡ ጥሩ ነበር። ግን ዓባይ ወንበዴ መርጦ አያግድም፤ በዛብህም ከአንዱ ዳር፣ ሰብለም ከሌላው ዳር ቀሩ። ሁለቱ ወንዝ ለወንዝ ቆመው የሚጠራሩበት ክፍል ረጅም ነው፤ የውሃው ድምፅ ስለበረታ ግን አንዳቸውም ሌላው ያለውን አልሰሙም። ክረምቱ እስኪወጣ መጠበቅ ብቻ ቀረ። ደብተሩ የተጻፈው በጥቅምት ስለሆነ ተመራማሪው ይህን ያህል መታገሥ አልቻለም።

በቅጂ ሐ አበጀ በለው ይደርሳል። የገበሬዎቹ መሪ፣ የሰብለን አባት ፊታውራሪ መሸሻን ያስጨነቀ ሰው ስለሆነ ከወንበዴ ጋር መግጠም ለእሱ ምንም አይደለም፤ በግማሽ ገጽ ጨርሷቸዋል። የቸገረው ከዚያ በኋላ ነው። አበጀ በለው አንዴ ከገባ አይወጣም። ሠርጉን መራ፣ ሙሾ አውራጇን አባርሮ አዝማሪ አስመጣ፣ በመጨረሻም ሰብለ ወንጌል ጀግንነቱን ስትመለከት ቀስ በቀስ ዓይኗ ወደ እሱ ዘንበል ማለት ጀመረ። ተመራማሪው እዚህ ላይ ደብተሩን ዘጋ። በዛብህን ከወንበዴ ለማዳን ተነሥቶ ለአዳኙ አሳልፎ መስጠት የጥናቱ ዓላማ አልነበረም።

ለቀጣዩ ጥናት እጅግ ጠቃሚ የሚሆነው ቅጂ መ ነው። በዚህ ቅጂ ውስጥ መጽሐፉ ላይ የሌለ አንድ መንገደኛ ብቅ ይላል። መንገደኛው ረጅም፣ ዝምተኛ፣ መነጽር ያደረገ፣ መጽሐፍ ብዙ ያነበበ ሰው ነው። የበዛብህን ቁስል ያክማል። ፊታውራሪ መሸሻን ስለ ርስትና ስለ ሰው ልጅ እኩልነት አንድ ምዕራፍ ሙሉ ይነግራቸዋል፤ ፊታውራሪም አፋቸውን ከፍተው ያዳምጣሉ። ጉዱ ካሳ ደግሞ «እስካሁን እኔን የሚበልጠኝ አላየሁም ነበር» ይላል። ዘርፉን የሚያውቁ ፈረንጆች እንዲህ ያለውን ሰው ሜሪ ሱ ይሉታል፤ ስሙን ያወጣችው ፖላ ስሚዝ እ.ኤ.አ. በ1973 በጻፈችው አጭር የፌዝ ድርሰት ነው። ሜሪ ሱ በስታር ትሬክ የጠፈር መርከብ ላይ መቶ አለቃ ናት፣ ዕድሜዋ አሥራ አምስት ዓመት ተኩል ነው፣ የማታውቀው ነገር የለም። ፖላ ስሚዝ የቀለደችው የአድናቂ ድርሰት ጸሐፊዎች ራሳቸውን እያቆነጁ በሰው ታሪክ ውስጥ ስለሚያስገቡ ነበር። የቅጂ መ መንገደኛ ግን ከተመራማሪው ጋር ምንም ግንኙነት የለውም። በሁለቱም ቀኝ ቅንድብ ላይ ያለው ጠባሳ አጋጣሚ ነው።

ወደ ዋናው ግኝት እንምጣ። በዛብህ በየትኛውም መንገድ ይትረፍ፣ በቅኔ ይሁን በውሃ ሙላት ወይም በመነጽራሙ መንገደኛ፣ ድርሰቱ ከሦስተኛው ምዕራፍ አያልፍም። አንደኛው ምዕራፍ መዳን ነው። ሁለተኛው ሠርግ ነው፤ የሠርጉ ምዕራፎች ሁሉ ረጃጅምና ጠጅ የበዛባቸው ናቸው። ሦስተኛው ምዕራፍ አዲስ አበባ ላይ፣ ተከራይተው በገቡባት ቤት ይጀምራል። ከቅጂ ሠ የተወሰደው ይህ ክፍል ለሌሎቹም ዓይነተኛ ነው፦

«የኔታ» አለች ሰብለ፤ ተጋብተውም ከዚህ አጠራር አልወጣችም። «እንስራው ባዶ ነው።»

በዛብህ እንስራውን አየው። «ገረድ የለችም እንዴ?»

«ጠፍታ የመጣች ሴት ገረድ ይዛ አትመጣም።»

«ጎረቤት ብንጠይቅስ?»

«ትናንት ጠየቅን። ከትናንት ወዲያም ጠየቅን።»

በዛብህ ትንሽ አሰበና ስለ እንስራው አንድ ጉባኤ ቃና ተቀኘ። ቅኔው ሰምም ወርቅም ነበረው። ውሃ ግን አልነበረውም።

ቅጂው እዚህ ላይ ተቋርጧል። ተመራማሪው ሁለቱን ከዚህች ቤት ለማስወጣት በተለያየ ጊዜ ተመልሶ ሞክሯል። በአንደኛው ሙከራ በዛብህ እንስራውን ራሱ ተሸከመ፤ መንደርተኛው ሁሉ ወጥቶ ስላየው ከዚያ በኋላ ያሉት ገጾች በሐሜት ተሞሉ። በሌላው ሰብለ ወረደች፤ የፊታውራሪ መሸሻ ልጅ በሕይወቷ እንስራ አዝላ ስለማታውቅ ምንጩ ዳር ተሰበረ። በሦስተኛው ወይዘሮ ጥሩ አይነት ልጃቸውን ሊጠይቁ ከጎጃም ድረስ መጡ። አልተመለሱም። አማት ያለችበት ቤት ውስጥ የፍቅር ንግግር መጻፍ ምን ያህል ከባድ እንደሆነ የሚያውቀው የሞከረው ነው፤ በዛብህ «ዓለሜ» ሊል አፉን በከፈተ ቁጥር ወይዘሮዋ ከመደቡ ላይ ሆነው ያስላሉ።

መጽሐፉ ውስጥ እነዚህ ሰዎች በፍቅር እየተቃጠሉ ብዙ መቶ ገጽ ሲኖሩ አንድም ቀን እንስራው ባዶ ነው ብለው ተጨንቀው አያውቁም። ሐዲስ ዓለማየሁ ወይ ይለያዩአቸዋል፣ ወይ ያሳድዷቸዋል፣ ወይ መንገድ ላይ ያስቀሯቸዋል። አድናቂው ይህን ጭካኔ ነው ያለው። ደራሲው ግን እግረ መንገዳቸውን ውሃ ከመቅዳት ገላግለዋቸዋል።

የተዛማጅ ጽሑፎች ቅኝት

ይህ ክፍል በደንቡ መሠረት ከትንተናው መቅደም ነበረበት፤ ተመራማሪው ግን መጻሕፍቱን ያገላበጠው ሦስተኛው ምዕራፍ ከከለከለው በኋላ ስለሆነ በሆነበት ቦታ ተቀምጧል።

የስፔኑ ሰርቫንቴስ ዶን ኪኾቴን እ.ኤ.አ. በ1605 አወጣ። ሁለተኛውን ክፍል እያዘገመ ሲጽፍ በ1614 አቬያኔዳ የሚል የብዕር ስም የያዘ ሰው ቀደመውና የራሱን «ሁለተኛ ክፍል» አሳተመ። ሰርቫንቴስ ክስ አልመሠረተም። በ1615 ባወጣው እውነተኛ ሁለተኛ ክፍል ውስጥ ዶን ኪኾቴ ራሱ ስለዚያ መጽሐፍ ይሰማል፣ ይቆጣል፣ በሐሰተኛው ታሪክ ውስጥ ሄደ ወደተባለበት ከተማ ላለመሄድ ብሎ መንገዱን ወደ ባርሴሎና ያዞራል። በመጨረሻም ሰርቫንቴስ ሰውየውን ገድሎ ቀበረው፤ በመቅድሙም ላይ ምክንያቱን ሳይደብቅ፣ ከእንግዲህ ማንም ደፍሮ ስለ እሱ አዲስ ነገር እንዳያመጣ መሆኑን አስታወቀ። መቃብር የቅጅ መብት ሆኖ ያገለገለበት ጊዜ ይህ ነው።

ስኮትላንዳዊው ኮናን ዶይል ደግሞ ሼርሎክ ሆልምስ ሰልችቶት እ.ኤ.አ. በ1893 ከነጠላቱ ራይሸንባኽ ከሚባል የስዊዘርላንድ ፏፏቴ ጣለው። አንባቢው ጮኸ። አሥር ዓመት ቆይቶ በ1903 ሆልምስ ተመለሰ፤ ለካ አልወደቀም ኖሯል። ይህ ሊሆን የቻለው ሬሳውን ያየ ስላልነበረ ነው። ልምድ ያለው አድናቂ ሰው ሲሞትበት መጀመሪያ የሚጠይቀው ይኸንኑ ነው፤ ሬሳው ታይቷል? ሐዲስ ዓለማየሁ በዚህ በኩል ቀዳዳ አልተዉም። በዛብህ ሰብለ እያየችው ነው የሞተው። ጎጃም ደግሞ ፏፏቴ አጥቶ አይደለም፤ ጢስ ዓባይን የሚያህል ነገር አጠገባቸው እያለ ለአንባቢ ተስፋ የምትሆን አንዲት ጠብታ እንኳ አልተጠቀሙም። ተመራማሪው በቅጂ ረ ወንበዴዎቹን፣ በዛብህንና መንገዱን ሁሉ ወደ ጢስ ዓባይ አዛውሮ ነበር። ያገሩን መልክዓ ምድር የሚያውቅ አንድ አንባቢ «ከአዲስ አበባ ጎጃም የሚመጣ ሰው በዚያ ምን ሊሠራ ይዞራል?» ብሎ ስለጠየቀ ቅጂው ውድቅ ሆኗል።

ነቢይ መኮንን እስር ቤት ሆኖ በሲጋራ ወረቀት ላይ የተረጎመው «ነገም ሌላ ቀን ነው» በአማርኛ አንባቢ ዘንድ የታወቀ ነው። የእንግሊዝኛው መጽሐፍ እ.ኤ.አ. በ1936 ሲወጣ ሬት በትለር ስካርሌትን ትቷት ይሄዳል፤ አንባቢው ይመለስ ይሆን እያለ 55 ዓመት ቆየ። በ1991 የደራሲዋ የማርጋሬት ሚቸል ወራሾች ፈቅደው አሌክሳንድራ ሪፕሌይ የተባለች ደራሲ መለሰችው። ወራሽ ሲፈቅድ የአድናቂ ድርሰት መባሉ ቀርቶ ተከታይ ክፍል ይባላል። ዋጋውም ይጨምራል።

የወቅቶች ተጽዕኖ

ደብተሮቹ በወር ተለይተው ሲታዩ ድርሰቱ የተጻፈበት ወቅት ከደራሲው ዓላማ ይልቅ ጎልቶ ይታያል። በዐቢይ ጾም 55 ቀን ውስጥ በተጻፉት ገጾች ላይ በዛብህና ሰብለ እጅ ለእጅ እንኳ አልተያያዙም፤ ስለ ነፍስ ተነጋግረው ይለያያሉ። ከስቅለት በፊት የተጻፈ አንድ ክፍል ላይ በዛብህ ሊተርፍ ሲል ተመራማሪው ራሱ ሐሳቡን ለውጦ መልሶ አሳምሞታል። የፋሲካ ማግስት ገጾች ላይ ደግሞ ማንም አይናገርም፤ ሁሉም ይበላል። ፊታውራሪ መሸሻ ሳይቀሩ ለወንበዴዎቹ ብርንዶ ይልኩላቸዋል።

ክረምት ላይ መብራት በጠፋ ቁጥር ታሪኩም ይመሻል። ሐምሌና ነሐሴ የተጻፈው ሁሉ በሌሊት፣ በኩራዝ፣ በጨለማ መንገድ ላይ የሚሆን ነው። ዘመኑ የኩራዝ ዘመን ስለሆነ ይህ ለድርሰቱ እውነተኛነትን ሰጥቶታል። የመብራት መጥፋት ለታሪካዊ ልብ ወለድ ያለው አስተዋጽኦ ገና በበቂ አልተጠናም።

የተጠያቂዎች ምላሽ

ተጠያቂ ሀ ጡረታ የወጡ የአማርኛ መምህር ናቸው። ቅጂዎቹን ሁሉ ተቀብለው በቀይ ቀለም መለሱ። በዛብህ ስለ መትረፉ አንድም ቃል አላነሡም። ጸሎተኛውን ፀ፣ ፀሐዩን ጸ አድርጎ የጻፈ ሰው ሙት ማስነሣት እንደማይችል ግን በመጨረሻው ገጽ ላይ አስፍረዋል።

ተጠያቂ ለ ከ2008 ዓ.ም. ጀምሮ በቃና ቴሌቪዥን በአማርኛ በሚቀርቡት የቱርክ ድራማዎች ያደገ ወጣት ነው። የመጀመሪያ ጥያቄው «ሰብለ መንታ እህት የላትም?» የሚል ነበር። እንደሌላት ሲነገረው አዘነ፤ ጥቂት አሰበና ወንበዴዎቹ በዛብህን ራሱን መትተውት ያለፈውን ሁሉ እንዲረሳ ሐሳብ አቀረበ። በሙያ ዓይን ከታየ በዓመቱ ውስጥ የተገኘው ምርጥ ሐሳብ ይኸው ነው። ተመራማሪው በዚህ መሠረት በጻፈው ቅጂ ሰ በዛብህ ሰብለን ረስቷል፣ እናቱን ረስቷል፣ ስሙንም ረስቷል፤ ቅኔውን ግን አልረሳም። ስለማያውቃት ቆንጆ ሴት እየተቀኘ ስለሚኖር ሰብለ በገዛ ራሷ ቀናች። ተጠያቂ ለ ክፍሉን አንብቦ ካበቃ በኋላ መቼ እንደሚቀጥል ጠይቋል፤ ከዚያ በኋላ ሦስተኛው ምዕራፍ መጣ።

ተጠያቂ ሐ የተመራማሪው አክስት ናቸው። መጽሐፉን በወጣትነታቸው በሬዲዮ ተከታትለዋል። ተመራማሪው ቅጂ ሐን ያነበበላቸው ቡና እየለቀሙ ሳለ ነበር። እስከ ወንበዴዎቹ ድረስ ዝም ብለው ሰሙ። አበጀ በለው ደርሶ በዛብህ ሲተርፍ ጣታቸው ሰፌዱ ላይ ቆመ።

«አንተ ልጅ፣ ይኼን ወጋየሁ ነው ያነበበው?»

«አይደለም እትዬ። እኔ ነኝ የጻፍኩት።»

«እሱ እንዲህ አላለም።»

«አላለም። ግን በዛብህ ቢተርፍ ደስ አይልዎትም?»

«ምን ደስ ይለኛል? እኔ ለዚያ ልጅ ነጠላዬን አዘቅዝቄ አልቅሻለሁ። የሰፈሩ ሴት ሁሉ አልቅሷል። አሁን ተነሥተህ አልሞተም ስትለኝ፣ ያን ሁሉ ዕንባ ለማን አደርገዋለሁ?»

«እትዬ፣ ታሪክ እኮ ነው።»

«እሺ፣ የመነኮሰችውስ? ቆቧን ልታስጥላት ነው? ነውር አይደለም?»

ከዚህ በኋላ ወደ ቡናቸው ተመለሱ። ተመራማሪው በአድናቂ ድርሰት ዙሪያ ያገኘው ንድፈ ሐሳብ ሁሉ የሚመለከተው ደራሲው ለገጸ ባሕርዩ ያለበትን ዕዳ ነው። ቀብሮ፣ አልቅሶ፣ ዕንባውን ጠርጎ ወደ ቤቱ ስለገባ አድማጭ የሚናገር አላጋጠመውም። አክስቱ ከወጋየሁ ንጋቱ ድምፅ ውጭ ሌላ ቅጂ እንደማይቀበሉ በዚያው ዕለት በግልጽ አስታውቀዋል፤ ተመራማሪውም የወጋየሁን ድምፅ በእስክሪብቶ የሚያወጣበት ዘዴ አልነበረውም።

ስለ ሕጉ

በኢትዮጵያ የቅጅና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 410/1996 መሠረት አንድን ሥራ ለውጦና አዛምዶ የመሥራት መብት የደራሲው ነው፤ ከሞተም በኋላ መብቱ ለ50 ዓመት ወደ ወራሾቹ ያልፋል። ሐዲስ ዓለማየሁ ያረፉት በ1996 ዓ.ም. ነው፤ አዋጁም የወጣው በዚያው ዓመት ነው። ተመራማሪው ይህን መገጣጠም ሲያገኝ ከወንበዴዎቹ በላይ ደነገጠ። ስለዚህ በዛብህ ከሕግ አንጻር ቢያንስ እስከ 2046 ዓ.ም. ድረስ እንደሞተ ይቆያል። እንደ አለቃ ገብረ ሐና ባለቤት የሌለው ሰው አይደለም።

የጥናቱ ውስንነት

ሦስተኛው ምዕራፍ።

ምክረ ሐሳብ

ተመራማሪው በያዝነው ዓመት ወደ ጉዱ ካሳ ለመዞር አስቧል። ጉዱ ካሳ ያገባ እንደሆነ ምን ይከተላል የሚለው ጥያቄ ክፍት ነው፤ ከሰው ጋር ስለማይስማማም እንስራ ባዶ ነው ብላ የምትነግረው ሴት ቶሎ ትገኛለች ተብሎ አይጠበቅም።

ከአንባቢ የሚፈለገው ትብብር አንድ ነው። በዛብህን አትርፋችሁ ሦስተኛውን ምዕራፍ ያለፋችሁ ካላችሁ፣ እባካችሁ ደብተራችሁን ለተመራማሪው አሳዩት። ሙሉውን ማምጣት አያስፈልግም፤ ውሃውን ማን እንደቀዳ የምትገልጸዋ ገጽ ብቻ ትበቃለች። ማሳተሙን ግን እስከ 2046 አቆዩት።